ከራዲያተሩ ፊት ያሰርሁት ካርቶን

ሃያ ስድስት ዓመት አይሱዙ ነድቻለሁ። ስለዚህ ልጄ የኔአለም አውቶማቲክ መኪና ስትገዛ፣ ራሱ ማርሽ የሚቀይር መኪና ለሰነፍ ነው ብዬ አፌን ሞልቼ ተናገርሁ። እሷ ደብረ ማርቆስ ጋራዥ ውስጥ መካኒክ ናት። ሳቀች።

የዚያን ቀን ግን መኪናው አስፈለገን። ባለቤቴ መሲ ዓይኖቿ በሞራ ከተጋረዱ ሦስት ዓመት አልፏል። ማርቆስ የመጡት የዓይን ሐኪሞች የመጨረሻ የኦፕራሲዮን ቀናቸው ነበር፤ ከአምስት ሰዓት በኋላ የሚደርስ አይመዘገብም ተባለ። የኔአለም ዋዜማውን መጥታ እኛ ዘንድ አደረች።

ጠዋት እነሱ ሲለባብሱ እኔ ከራዲያተሩ ፊት ካርቶን አሰርሁ። በጮቄ ተራራ ውርጭ ሞተር ቶሎ ስለማይሞቅ የእኛ አገር ሾፌር እንዲህ ያደርጋል። ባዶ እጄን ዘመድ ቤት አልሄድም ብዬም ሦስት ጆንያ ድንች ጫንሁ። ከዚያ መንገዱን የማውቀው እኔ ነኝ ብዬ መሪውን ያዝሁ።

ሮብ ገበያ ከተማ ከመድረሳችን በፊት ያለው ዳገት ጭቃ ነበር። ጎማው ሲንሸራተት ነዳጅ እጨምራለሁ፣ ሲንሸራተት እጨምራለሁ። ዳገቱ ወገብ ላይ አንድ መብራት በራ፣ የተቃጠለ ዘይት ሸተተን፤ ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናው ግን ንቅንቅ አይልም። ረገምሁት። ሞተሩን አጥፍቼ ከሥሩ ውኃ ልደፋበት ቁልፉን ስይዝ የኔአለም እጄን ያዘችኝ።

«አባዬ፣ እንዳያጠፉት። ሞተሩ ከቆመ የካምቢዮው ዘይት አይዞርም፤ ካልዞረ ደግሞ አይቀዘቅዝም። ውኃውንም ይተዉት፣ ብረቱ ይሰነጠቃል።»

ማርሹን ፓርኪንግ ላይ አድርጋ ወረደች። መኪናው ፊት ስትደርስ ቆመች። ተከትያት ሄድሁ። ካርቶኑን አይታዋለች። ቋጠሮዬን ቀስ ብላ ፈታች። ከኋላው አንዲት ትንሽ ራዲያተር ነበረች።

«ይቺ የካምቢዮው ናት» አለችኝ በለሆሳስ። «ዘይቱ እዚህ ድረስ መጥቶ ነፋስ ያገኛል።»

የዘጋሁት ያንን ነፋስ ነበር።

«ምን ሆነ?» አለች መሲ ከውስጥ።

«አየር ማስገቢያው ተዘግቶ ነበር፣ እማዬ። አሁን ተከፍቷል።»

ማን እንደዘጋው አልተናገረችም። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ።

ግማሽ ሰዓት ቆምን። እኔ ሰዓቴን ሳይ፣ እሷ የዘይት መለኪያውን እያወጣች ታሸታለች፣ በነጭ ጨርቅ ጠርጋ ቀለሙን ታያለች። «ጠቆር ብሏል፤ ግን ያደርሰናል» አለች። ድንቹን መንገድ ዳር ያለ ገበሬ ግቢ አወረድን። ከዚያ እሷ ነዳች። በአንደኛ ማርሽ፣ ሳትጣደፍ፣ ጭቃውን በዓይኗ እየመረጠች። ዳገቱ አናት ላይ ስንወጣ ጊዜው እየሄደብን እንኳ ቆማ አሳረፈችው። እኔ ብሆን አላቆምም ነበር፤ እዚያው ገድዬው እቀር ነበር። በዕድሜዬ እንዲህ ያለ ሾፌር አላየሁም። ይህን የምለው ልጄ ስለሆነች አይደለም።

ለአምስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን የመሲ ስም ተመዘገበ።

የዚያኑ ዕለት አንድ ዓይኗን ኦፕራሲዮን አደረጉላት፤ በማግስቱ ፋሻው ተነሣ። ወደ ቤት ስንመለስ የኔአለም ቁልፉን ዘረጋችልኝ፤ አልተቀበልሁም፣ ከኋላ ገባሁ። መሲ መንገዱን ልይ ብላ ከፊት ተቀመጠች። ዞር ስትል፣ ዳገቱ ላይ ተፈትቶ ከኋላ ወንበር የተጣለውን ከጎኔ አየች።

«ይህ ካርቶን ምንድን ነው?»

የኔአለም በመስታወቱ አየችኝና ዓይኗን ወደ መንገዱ መለሰች። ዛሬም ልትሸፍንልኝ ነው።

«አየሩን የዘጋሁት በዚህ ነው» አልሁ። «እኔ ነኝ ያሰርሁት። ልጅሽ ባትኖር ዓይንሽን አስቀርቼብሽ ነበር።»

መሲ ካርቶኑን ትታ ፊቴን ታይ ጀመር፣ ግንባሬን፣ ጢሜን፣ ረጅም ጊዜ።

«አበረ» አለችኝ፣ «ሸብተሃል እኮ።»