ልጅ በልጅ

«ግን ልጅሽ ምን ሆኖ ነው የሞተው?»

የሟች አክስት ይህን ስትጠይቃት እናት አንገቷን ደፋች። ለቀስተኛው ሁሉ «ልቡን ታሞ ነው» ተብሏል። ሻይ የሚያድሉት ጎረቤቶች ግን ጓዳ ውስጥ ሌላ ሌላውን ይንሾካሾካሉ።

ሟቹ መካኒክ ነበር። የሞተርን ሕመም በፉጨት አስመስሎ ለባለመኪናው ስለሚያስረዳ «ፉጨት» ይሉት ነበር። አንድ ሰሞን ፉጨቱ ጠፋ። ቀጥሎ የመፍቻ ሳጥኑ፣ ቀጥሎ የቤቱ ቴሌቪዥን ጠፋ። እናት ሌባ ገባ ብላ ቁልፍ አስለወጠች። ሌባው አዲሱን ቁልፍ ኪሱ ይዞ እየገባ ግንባሯን ይስማት ነበር።

ደጅ መኪና ቆመ። የሱስ ሕክምና ጣቢያው ነርስ እየተጣደፈች ገባችና እናት አጠገብ ተንበረከከች። አገራቸውና የድንበሩ ማዶ አገር ተስማምተው የሱስ ታካሚ ይለዋወጣሉ፤ ዕፅ ሻጮቻቸው እንዳያገኟቸው የወዲህ ልጆች ማዶ፣ የማዶዎቹ ወዲህ ይታከማሉ። ልጁን የሚልክ ቤተሰብም የማዶን ልጅ ቤቱ ያሳርፋል። ፉጨት ተራው ሊደርስ ሲል ሞተ።

ነርሷ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ቦታው ለታናሽ ወንድሙ ሊሆን እንደሚችል ነገረቻት። ታናሹም ያንኑ ዕፅ ጀምሯል። ነገር ግን ድንበሩ ለማታ ሳይዘጋ አሁኑኑ መሄድ አለበት።

አክስት ሰምታ ኖሮ ተቆጣች። «የወንድሙ አፈር ሳይደርቅ? ሰው ምን ይላል?»

እናት ብድግ አለች።

«ልብ አይደለም፤ ሱስ ነው የገደለው» አለች ሁሉም እንዲሰማ። «ይሄኛውንም ሊገድልብኝ ነው። ሰው ያሻውን ይበል።»

ቤቱ እንደ ንብ ቀፎ ተነሣ። አንዷ ሸሚዝ አጣጠፈች፣ አንዱ ኮቱን አውልቆ ሰጠ፣ ጓዳ የነበሩት ዳቦ ይዘው ሮጡ። አክስት እንኳ እያጉረመረመች ካልሲ ትፈልግ ጀመር። የእናት ልብ እንደ ሠርግ ቀን ይመታ ነበር፤ አፈረችበት፣ ግን አላቆመም።

ከለቀስተኞቹ መሃል አንድ አጎቱ የታናሹን ትከሻ መታ አደረገው። «ቋንቋው ካቃተህ በእጅህ አውራ። እኔ ሚስቴን ያገኘኋት እንደዚያ ነው።»

ልጁ ሳቀ፤ ሳቁ ግን መሃል ላይ ተሰበረ። «እማዬ፣ በዚህ ሰዓት ጥዬሽ?»

«አንተን ደግሞ ላልቅስ? ሂድ፣ ልጄ።»

ከመኪናው አንዲት ቀጭን ልጅ ወረደች። የማዶዋ ታካሚ ናት። የሚያለቅስ ሰው ስታይ ደንግጣ ደጃፉ ላይ ቀረች፤ በቋንቋዋ ቀስ ብላ የሆነ ነገር ተናገረች። ቃሉ ለማንም አልገባም። እንደ «ነፍስ ይማር» ያለ ነገር መሆኑን ግን ሁሉም አወቀ።

መኪናው ሲነሣ እናት ወደ ፍራሿ ተመለሰች። ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችና አጠገቧን በእጇ መታ መታ አደረገች።

ልጇ ሄደ። የሌላ እናት ልጅ አጠገቧ ቀረች።