በቅሬው መዝገብ ባዶ የቀረው ቦታ

ጋሽ ሙላት ሦስቱን ስም አንብበው አራተኛው ላይ ደርሰዋል። ዋርካው ሥር የተሰበሰበው ሰው አንገቱን ደፍቷል። ቅሬዋ፣ የሰፈሩ የቀብር ዕድር፣ የዓመት ስብሰባዋን ከመጀመሯ በፊት በዓመቱ የሞቱባትን አባላት ስም ታስጠራለች፤ ሼህ አብዱልመናን ዱዓ ያደርጋሉ፣ ክርስቲያኑም ነፍስ ይማር ይላል። ሐይቅ ዳር ያለችው ይህች ሰፈር ስትቀብርም ስታለቅስም እስላም ክርስቲያን ብላ አታውቅም፤ ስም ሲጠራም አብሮ ነው።

«ማህዲ ሀሚዱ» አሉ ጋሽ ሙላት።

ምን እንዳሉ የገባቸው ካሉት በኋላ ነው። ሃያ ዓመት የቅሬው ጸሐፊ ሆነው እንዲህ ያለ ነገር ከአፋቸው ወጥቶ አያውቅም። ወረቀቱን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው ደግመው አዩት፤ እውነትም ተጽፏል። የአፍ ወለምታ ደግሞ በቅቤ አይታሽም።

ከሴቶቹ መካከል የማህዲ እናት እትዬ ሙሚና ተነሡ። አልጮሁም፣ ደረታቸውንም አልመቱም።

«መቼ ሰማችሁ?» አሉ። «ለምንስ በንጋት መጥታችሁ አልነገራችሁኝም?»

መርዶ በዚህ አገር እንዲህ አይነገርማ! ገና ሰማዩ ሳይቀላ ሽማግሎች ደጅ ይቆማሉ፤ ባለ መርዶውን አስቀምጠው፣ ከግራ ከቀኝ ይዘው ነው የሚነግሩት። ማህዲ ከሦስት ዓመት በፊት ከጅቡቲ ጠረፍ «ነገ እንሳፈራለን» ብሎ ደውሎ፣ ከዚያ ወዲህ ድምፁ የጠፋ ልጅ ነው። እናቱን ሰፈሩ ሁሉ ሰምቶ የደበቃቸው መሰላቸው። ሴቶቹ መንሰቅሰቅ ጀመሩ፤ ጎረምሶቹም የለቅሶው ድንኳን ወደተቀመጠበት ቤት ያዩ ጀመር።

ኑርሀያት የዋርካውን ግንድ ተደግፋ ቆማለች። እሷ እንኳ የመጣችው ልትመሰገን ነበር። ከዩኒቨርሲቲ በኮምፒውተር ተመርቃ፣ ሥራ ጠፍቶ፣ አስፋልቱ ዳር ካለች የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ተቀጥራ ሁለት ዓመቷ ነው። የጋሽ ሙላትን የተቦጫጨቀ ደብተር ወደ ኮምፒውተር ያስገባችው እሷ፣ ዝርዝሩን አትማ ያመጣችውም እሷ ናት። ስሙን ስትሰማ የሆነው ነገር ወዲያው ገባት። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች።

«ማንም አልሰማም» አለች። «ስሕተቱ የእኔ ነው እትዬ ሙሚና። ኮምፒውተሩ ላይ ስሞላ ያበላሸሁት ነው። አፉ በሉኝ።»

«ከሰው የመጣ ወሬ የለም?»

«የለም።»

«ወላሂ በይ።»

«ወላሂ!»

እትዬ ሙሚና ተቀመጡ። እንባቸው የመጣው ያን ጊዜ ነው። ሼህ አብዱልመናን ስብሰባው ለሌላ እሑድ ተላለፈ ብለው ሰውን አሰናበቱ፤ ኑርሀያትንም «አብሽሪ ልጄ» አሏት። ቢቆጧት ይሻላት ነበር።

ቀጥ ብላ ወደ ሱቋ ሄደችና ኮምፒውተሩን ከፈተች። ፈልጋ አልለፋችም፤ አንዲት መስመር ናት።

ፕሮግራም ስትጽፍ ለእያንዳንዱ ነገር ዓይነቱን አስቀድማ መናገር አለባት። ስም ጽሑፍ ነው። የቤተሰብ ብዛት ሙሉ ቁጥር ነው፤ ሦስት ሰው ተኩል የለምና። እነዚህ ቋንቋው ሲሠራ አብረውት የተሠሩ፣ ተዘጋጅተው የሚጠብቁ ዓይነቶች ናቸው። አንደኛው ቡሊያን ይባላል፤ እውነት ወይም ሐሰት እንጂ ሌላ አይዝም። «በሕይወት አለ» ለሚለው እሱን መረጠች። ሰው መቼም ወይ አለ ወይ የለም፤ ምን ያሳስባል? አጭር ነው፣ ንጹሕ ነው፣ መምህሯ ቢያየው የሚያመሰግናት ነው። በዚህ ቋንቋ ግን ቡሊያን ባዶ አይሆንም፤ ምንም ካልነገሩት ሐሰትን ይዞ ይቀመጣል። ይህንን ለፈተና አጥንታዋለች፤ ከአሥር አሥር ነው ያገኘችው።

ባለፈው ወር ቤት ለቤት ስትመዘግብ እትዬ ሙሚና «እሱን እለፊው ልጄ» ብለዋት ነበር። እሷም አለፈችው። ፕሮግራሙ ግን ማለፍ የሚባል ነገር አያውቅም። የሞቱትን አውጣልኝ ስትለው ሐሰት ያላቸውን ሁሉ ሰብስቦ ሰጣት፤ እሷም ሳታነበው አትማ ለጋሽ ሙላት አስረከበች።

ጋሽ ሙላት በብብታቸው ደብተሩን ይዘው ገቡና ያንን ወረቀት ፊቷ ዘረጉት።

«ከማህዲ በታች ያለውን እይው።»

አምስት ስም አለ። ዑበይዱላህ፣ ዝናው፣ አሪፋ፣ ሽታው፣ ሀያ። ሁሉም ወጥተው ወሬያቸው የጠፋ የሰፈሩ ልጆች ናቸው። እናቶቻቸው ዋርካው ሥር ለሙሚና ሲያለቅሱ ነበር።

«እኔ ማህዲ ላይ ደንግጬ ቆምኩ እንጂ ልቀጥል ነበር» አሉ ጋሽ ሙላት። «ሌላ ያየው ሰው የለም። በይ ስድስቱንም አለ በያቸውና ይለቅ።»

«አለ ካልኩት ፕሮግራሙ የመቃብር ቁፋሮ ወረፋ ያወጣለታል። ያልመጣን ደግሞ ይሰርዛል፤ ሕጋችሁን ነው የጻፍኩት።»

ጋሽ ሙላት ደብተሩን ገለጥ ገለጥ አድርገው በጣታቸው አሳዩዋት። ማህዲ ወረፋው በደረሰ ቁጥር ከስሙ ጎን በእርሳስ ተጽፏል፦ «ስለ ማህዲ ሙላት»፣ «ስለ ማህዲ አብዱልመናን»። በእሱ ፈንታ ሦስት ዓመት ሙሉ ሌላው ሲቆፍርለት ኖሯል። ለዝናውም፣ ለሽታውም እንዲሁ። ሆድ ይፍጀው ብለው ለማንም አልተናገሩም።

«ታዲያ ደብተሩን ሲሰጡኝ ምነው አልነገሩኝ?»

«መቼ ጠየቅሽኝ? እርሳሱን ትተሽ ቀለም ቀለሙን ገለበጥሽ።»

እውነታቸውን ነው። እርሳሱ የማይረባ ጭረት መስሏት ነበር።

እትዬ ሙሚናን ግቢያቸው ውስጥ ሰሌን ላይ ሽንብራ አስጥተው አገኘቻቸው። ዓይናቸው አብጧል። ድጋሚ አፉ በሉኝ ልትል ጎንበስ ስትል እጇን ይዘው አጠገባቸው አስቀመጧት።

«ያ ማሽን ምን ብሎ ነው የጠየቀሽ?»

«አለ ወይስ የለም ብሎ። ከሁለቱ ሌላ አያውቅም። እንዲያ ያደረግኩት ግን እኔ ነኝ፤ ሌላ መምረጥ እችል ነበር።»

«ዝም ከተባለስ?»

«ዝም ከተባለ የለም ይላል።»

እትዬ ሙሚና ሽንብራውን በመዳፋቸው ዘርጋ ዘርጋ አደረጉት።

«እኔ እኮ ሦስት ዓመት ዝም ያልኩት የለም ላለማለት ነው» አሉ። ቀስ ብለውም ቀጠሉ። «ዛሬ ስሙን ሲጠሩት ለአንዲት አፍታ ቀለል አለኝ። ቁርጤን ያወቅኩ መስሎኝ። አላህ ይማረኝ፣ እናት ነኝ ስል።»

ኑርሀያት አብራቸው ሽንብራ ስትለቅም ቆየች። በመጨረሻ ምን ልጻፍ ብላ ጠየቀቻቸው።

«አለ አትበይ፤ ባላየሁት አልምልም። የለምም አትበይ። አልመጣም በይ። እኔ የማውቀው እሱን ነው።»

ሱቅ ተመልሳ ያቺን መስመር አጠፋቻት። በቡሊያን ፈንታ ጽሑፍ አለችው፤ ያሉትን ሁሉ እንዲይዝ። ከማህዲ ስም ጎን «አልመጣም» ብላ ጻፈች። ያኔ አምስቱ ባዶ ቦታዎች ቀሩ። አንድ መስመር ትእዛዝ ብትጽፍ አምስቱንም «አልመጣም» ብሎ በቅጽበት ይሞላቸዋል፤ ጽፋም ጨርሳለች፣ አንዲት ቁልፍ መጫን ነው የቀራት።

ጣቷን አነሣች። ይህ ቃል የሙሚና ነው። የዑበይዱላህ እናት ምን እንደምትል በምን ታውቃለች? የዝናው አባት ቁርጡን ሰምቶ ይሆናል፣ አልሰማም ይሆናል። ትእዛዙን አጠፋችና እዚያው ሱቅ ሲጠብቋት የነበሩትን ጋሽ ሙላትን ደብተሩንና እርሳሱን አዋሱኝ አለቻቸው።

«ደክሞሻል፤ ነገ ሥራ ሳትገቢ በጧት ትሄጃለሽ» አሏት።

«በጧትማ አይሆንም፤ ከሩቅ ሲያዩኝ ምን ይላሉ?»

ጋሽ ሙላት ነገሩ ገባቸው፤ እርሳሱን ከጆሯቸው ላይ አውርደው ሰጧት። ፀሐይዋ ገና ከሐይቁ በላይ ናት። ኑርሀያት ደብተሩን ታቅፋ ወደ ዑበይዱላህ ቤት ወጣች። እናቱ ደጃፍ ቆማ ጠላ ቤት ወዳለው መንገድ ስትመለከት ኑርሀያትን አየቻት፤ እጇም ወደ ደረቷ ሄደ። ኑርሀያት አጥሩ ጋ እስክትደርስ አልጠበቀችም።

«በደህና ነው!» አለች ከሩቁ። «በደህና ነው የመጣሁት፤ ልጠይቅሽ ነው።»