ስድብ ያጣ ኮት

አክስቴ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሰድባኛለች። ልብስ ሰፊ የሆንኩት በዚያ ነው። ሌላው ሰው ሙያውን በትምህርት ወይም በኩርኩም ይማራል፤ እኔ የተማርኩት በስድብ ነው። ስድቡ ደግሞ የመንገድ ዳር ስድብ እንዳይመስላችሁ። የተለካ፣ የተቆረጠ፣ ጠርዙ የተዘመዘመ ስድብ ነበር።

አሠራራችን እንዲህ ነው። አዲስ ኮት ሳስብ መጀመሪያ ለሙከራ በአቡጀዲ እሰፋውና ልብስ የምንለካበት የእንጨት አሻንጉሊት ላይ አለብሰዋለሁ። ከሰዓት በኋላ አክስቴ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ ትመጣለች፤ ሁለት ጊዜ ትዞረዋለች፤ ከንፈሯን ነከስ ታደርግና ምንም ሳትል ትሄዳለች። በማግስቱ ጠዋት ገና ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ፣ መዳፏን ገለጥ አድርጋ እያየች፣ ስድቡን ይዛ ትገባለች። «ይሄ ኮሌታ ሰውየውን ሊያሞቀው ነው ወይስ ሊያንቀው የመጣ?» ትላለች፤ ኮሌታውን አላላዋለሁ። «እዚህ ኪስ ውስጥ እጅ አይገባም፤ ቢገባም አይወጣም» ትላለች፤ ኪሱን ሰፋ አደርገዋለሁ። አንዴ የሠራሁትን የሙሽራ ቀሚስ አይታ በማግስቱ፣ «ይቺ ልጅ ልታገባ ነው ወይስ ልትሰደድ? ጓዟን በሙሉ ወገቧ ላይ ጭነህባታል» አለችኝ። እውነቷን ነበር። ከስድቡ ሁሉ መጨረሻ ላይ አንዲት ቃል አትቀርም፦ «ፍታው»። ስፌቱን ማለቷ ነው። ከመደጋገሙ ብዛት መጠሪያዬ ሆኖ ቀረ፤ ደንበኞቻችን እናቴ ያወጣችልኝ ስም ይመስላቸዋል።

አክስቴ አምና፣ ቅጠል መርገፍ በጀመረበት ሰሞን ሞተች። ያን ወቅት ከዓመቱ ሁሉ አብልጣ ትወደው ነበር። ወደ ሥራ ስትመጣ ከመንገድ ላይ ቅጠል እየለቀመች ኪሷን ትሞላና መቁረጫ ጠረጴዛው ላይ ትዘረግፈዋለች። ቢጫውን ከቀዩ፣ ቀዩን ከቡኒው እያጎራበተች የዓመቱን ኮቶች የምታስበው በዚያ ነው። ቅጠል ምን ይሠራልሻል ብዬ በጠየቅኳት ማግስት፣ «ዛፍ እንኳ በዓመት አንዴ ልብሱን ይቀይራል፤ አንተ ያን ሹራብ ከለበስከው ስንት ዓመትህ ነው?» አለችኝ። ከለበስኩት ስድስት ዓመቴ ነበር።

ከሞተች በኋላ መደርደሪያው አናት ላይ በጋዜጣ የተጠቀለለ ጨርቅ አገኘን። ሦስት ሜትር ሱፍ ነው። ቀለሙ ቢጫ ነው ስትሉት ቀይ፣ ቀይ ነው ስትሉት ቡኒ ይሆናል። ጋዜጣው ላይ በጠመኔ «ለእሱ» ተብሎ ተጽፎበታል። እሱ የተባሉት ባሏ ናቸው፤ እኔ ጋሼ ነው የምላቸው። ጋሼ ሠላሳ አምስት ዓመት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ስለሠሩ ከሹክሹክታ ያለፈ ድምፅ የላቸውም። ቤቴ ተቃጠለ ብለው ቢጮኹ እንኳ ጎረቤት አይሰማቸውም። ክፉ ቃል ሲወጣቸው የሰማ የለም። በዕድሜ እኔን የሚበልጥ ግራጫ ኮት አላቸው፤ ክረምት ከበጋ እሱን ነው የሚለብሱት።

ዓመቷ ሲደርስ መቃብሯ ድረስ ሄደን አበባ ልናስቀምጥ ተስማማን። እኔም ጋሼ በዚያ ሱፍ የተሰፋ ኮት ለብሰው እንዲቆሙላት ፈለግኩ። ከዚህ የተሻለ ማክበሪያ አልታየኝም። ሦስት ሳምንት ነበረኝ። ጨርቁ ግን አንድ ነው፤ ገበያ ውስጥ ወንድሙ የለም፤ መቀስ ደግሞ ይቅርታ አያውቅም። እንደ ልማዴ በአቡጀዲ ሰፋሁና አሻንጉሊቱ ላይ አለበስኩት። ጠዋት መጣ፤ ስድብ አልመጣም። አሻንጉሊቱ ፊት ተገትሬ ምኑ እንደጎደለ፣ ምኑ እንደተረፈ መለየት አቃተኝ። አክስቴን ከቀብሯ ቀን ይልቅ ያን ጠዋት ነው የናፈቅኳት።

ስለዚህ የሚሰድበኝ ሰው ፍለጋ ጀመርኩ። ይህን ያህል ከባድ ይሆናል ብዬ አላሰብኩም ነበር፤ በደህናው ቀን እኔን ለመስደብ ወረፋ የሚይዝ ሰው ሞልቶ ነበር። መጀመሪያ እናቴን ጠራኋት። የአክስቴ ታናሽ ስለሆነች በደም ይወረስ ይሆናል ብዬ ነው። እንዲቀላት ብዬ የአቡጀዲውን አንዱን እጅጌ አራት ጣት አሳጠርኩት። አየችው፣ አገላበጠችው፣ ዓይኗ እንባ ሞላና «ለእጅ ሰዓቱ እንዲመች አስበህ ነው አይደል? እሷ ባየችልህ» አለችኝ።

ቀጥዬ ዚግዛግ ጋ ሄድኩ። ዚግዛግ በሁለተኛው መኪና የምትሰፋው ባልደረባችን ናት፤ ወሬዋ ቀጥ ብሎ ስለማይሄድ ነው እንዲያ የምንላት። የደንበኛን እግር «አንዱ ከአንዱ ጋር ተኳርፏል» ብላ ፊት ለፊት የምትናገር ሴት ነበረች። ከቀብሩ ወዲህ ግን ሰው አላስከፋም ብላ ለራሷ ቃል ገብታለች። ይሄኔ ነው ክፉ ቀን የመጣብኝ። ኪሱን ነቅዬ ጀርባው ላይ ሰፋሁና አሳየኋት። ብዙ ካሰበች በኋላ፣ ሰልፍ ላይ ከኋላ ለቆመ ሰው እንደሚመች ነግራኝ ወደ መኪናዋ ዞረች።

ያን ኮት ለብሼ መንገድ ወጣሁ። አንዱ እጅጌ አጭር፣ ኪሱ ጀርባ ላይ፣ ጨርቁ አቡጀዲ። የሰፈሩ ሰው ገለል እያለ አሳለፈኝ። ፍራፍሬ ሻጩ ትከሻዬን ይዞ «እግዜር ያጽናህ» አለና አንድ ብርቱካን የጀርባዬ ኪስ ውስጥ ከተተልኝ። ሐዘንተኛን የሚሰድብ ጠፋ። ደግነት እንዲህ እንደሚያበሳጭ አላውቅም ነበር።

በዚያው ዛፎቹ ወዳሉበት ጎዳና አለፍኩ። አክስቴ ከቅጠል ታገኝ የነበረውን እኔም አገኝ ይሆናል ብዬ ነው። ጥግ ላይ የተከመረ ቅጠል አየሁና እስከ ክርኔ ጠልቄ መምረጥ ጀመርኩ። ለካ ጽዳት ሠራተኛዋ ከጠዋት ጀምራ የከመረችው ኖሯል። መጥረጊያዋን እንደያዘች መጣች። «አንተ ሰውዬ፣ ቅጠሉ ሲረግፍ ያንተም ጭንቅላት አብሮ ነው እንዴ የረገፈው?» አለችኝ።

ልስማት ምንም አልቀረኝም። ኮቱን አውልቄ ዘረጋሁላትና ስለእሱስ ምን ትላለች ብዬ ለመንኳት። መጥረጊያዋን ተደግፋ ከላይ እስከ ታች መረመረችው። ኮቱ ምንም እንዳልጎደለው፣ ብልሽቱ ያለው ለባሹ ላይ እንደሆነ ነገረችኝ፤ ከዚያ የበተንኩትን ሁሉ አስለቀመችኝ።

አራት ቀን ሲቀረኝ ሱፉን ቆረጥኩት። ፈሪ የሠራው ኮት ሆነ። እስከ አንገት የሚቆለፍ፣ ትከሻው ልከኛ፣ ኪሱ ልከኛ። ለሐዘን ነው ብዬ ገበሩን ጥቁር፣ አምስቱንም ቁልፎች ጥቁር አደረግኩ። ማንም ምንም ሊለው የማይችል ኮት ነበር። በማግስቱ ከሰዓት ጋሼን ለልኬት ጠራኋቸው። በእሳቸው በኩል ተስፋ አልነበረኝም፤ ባለፈው አቡጀዲውን ስለካባቸው በስፒል ብወጋቸው «ይቅርታ ልጄ» ያሉኝ ሰው ናቸው።

ለበሱትና መስታወቱ ፊት ቆሙ። ደህና ነው ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። መነጽራቸውን አወለቁ፤ ዚግዛግን ዞር ብለው አዩዋትና መኪናዋን እስክታቆም ጠበቁ። ከዚያ በሹክሹክታ እንዲህ አሉ፦

«ይሄ ኮት አይደለም። ይሄ እጅጌ የተገጠመለት ለቅሶ ነው።»

ዚግዛግ አፏን ያዘች። ድምፁ የጋሼ ነው፤ ስፌቱ ግን የአክስቴ ነው፤ የትም ብሰማው አውቀዋለሁ። እባክዎ ይቀጥሉ አልኳቸው።

«ትከሻው ይቅርታ ሊጠይቅ የመጣ ይመስላል» አሉ። «ቁልፎቹ ደግሞ ከል የለበሱ አምስት ዘመዶች ናቸው፤ ማን ቀድሞ እንደሚያለቅስ እየተጠባበቁ ነው። ፍታው።»

ከዚያ በተናገሩት ደንግጠው ወንበር ላይ ተቀመጡ። አክስቴ ለማንም እንዳይናገሩ አስምላቸው እንደነበር ገልጸው፣ ከሞተች ዓመት ስለሞላት ይቅር እንድትላቸው ወደ ጣሪያው አንጋጠው ለመኗት። አክስቴ ለካ መሳደብ አታውቅም ነበር። ማታ ራት ላይ ያየችውን ሥራ ለጋሼ ትነግራቸዋለች፤ ኮሌታውን በማንኪያ ጠረጴዛው ላይ ትስልላቸዋለች። ግራ ትከሻው ትንሽ ወድቋል፣ እንዴት ብዬ ልንገረው፣ በደረቁ ብነግረው ይከፋዋል፣ ካመሰገንኩት ይሰንፋል እያለች ትጨነቃለች። መዝገበ ቃላት ሲያገላብጡ የኖሩት ጋሼ ደግሞ ስድቡን ያዘጋጁላታል። እሷ እንባዋ እስኪወርድ ትስቅና እንዳትረሳው መዳፏ ላይ ትጽፈዋለች። ስትሰድበኝ ለምን መዳፏን እንደምትመለከት የገባኝ ያኔ ነው። እኔ ልትመታኝ እያመቻቸች ይመስለኝ ነበር።

ተናደድኩ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቀላል አይደለም። «ታዲያ አንድ ቀን እንኳ ጥሩ ነው ብላ አታውቅም?» አልኳቸው።

«ምን ማለትህ ነው? ሁልጊዜ ነዋ» አሉ። «ልጁ ዛሬ የሠራውን ብታይ ብላ ነው ወሬ የምትጀምረው። ስድቡን ላንተ ታደርስና ምስጋናው እኔ ጋ ይቀራል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ራት ላይ እሱን ስሰማ ኖሬ፣ ይኸው ዓመት ሆነኝ፣ ስላንተ የሚነግረኝ ሰው የለም።»

አለቀስኩ። ደንበኛ ገብቶ ሱሪውን ዘርግቶ እየጠበቀ፣ ቁጭ ብዬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ዚግዛግ ሱሪውን ተቀብላ ሰውየውን ነገ ና ብላ ሸኘችው።

ከዚያ አንዱን ጫፍ ጋሼ፣ አንዱን እኔ ይዘን ኮቱን መፍታት ጀመርን። ጥቁሩ ገበር ሲወጣ ጋሼ በመስኮቱ ወደ ውጭ እያዩ፣ «ቅጠሉ እንኳ ሲወድቅ ቀይ ለብሶ ነው፤ እሷ ይሄን ጨርቅ የመረጠችልኝ እንድደምቅላት ነው» አሉኝ። ለሦስት ሳምንት የፈለግኩት ነገር ያኔ መጣልኝ። ገበሩን ቀይ አደረግኩት። ኮሌታውን ከፍቼ አስተኛሁት። ንፋስ እንዲገባበት ጀርባው ላይ ከታች ረዘም ያለ ስንጥቅ አወጣሁለት። አምስቱን ቁልፎች አምስት ዓይነት አደረግኳቸው፤ ዚግዛግ ይህን ስታይ የገባችውን ቃል ረስታ፣ ዓይነ ስውር የመረጣቸው ናቸው ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ደስ ብሎኝ አንዱን ቀየርኩ።

የዓመቷ ዕለት ንፋስ ነበር። ጋሼ ከፊት ከፊት ሲራመዱ ኮቱ እየተገለጠ ቀዩ ገበር ይታያል፤ መንገደኛው ዞሮ ዞሮ ያያቸዋል። አበባውን አስቀመጥን። እናቴና ዚግዛግ ጥቂት ቆመው ወደ በሩ ሄዱ። እኔ ዛፉ ሥር ቀረሁ። ጋሼ ብቻቸውን የሆኑ መስሏቸው ኮቱን በእጃቸው አስተካከሉና ድንጋዩ ፊት ቀስ ብለው ዞሩላት። ከዚያ በዕድሜዬ ሰምቼው በማላውቀው ሙሉ ድምፅ ተናገሩ።

«ልጁ የሠራውን ብታይ» አሏት። ስለ ኮሌታው ነገሯት፣ ስለ ገበሩ ነገሯት፣ እጄ ለጨርቁ ሲሳሳ እንዴት እንደሆነ ነገሯት። እኔ የማላውቀውን ሁሉ ስለእኔ ነገሯት። መጨረሻ ላይ ክንዳቸውን ዘርግተው አዩት። «እጅጌው ግን ትንሽ ረዝሞብኛል። እኔ አመስግኛለሁ። ስድቡን ዛሬ አንቺ አምጪ።»

ጭንቅላታቸውን ዘንበል አድርገው ቆመው ጠበቁ። እኔም ከዛፉ ሥር ሳልንቀሳቀስ አብሬያቸው ጠበቅኩ።