በግራ በኩል የወረደው ደም ሥር

ብረት በያጁ ሰውዬ ኢንፌክሽን ደሙ ውስጥ ገብቶበት ሆስፒታል ሲተኛ፣ ተረኛው ሐኪም መድኃኒት የሚሰጥበትን ቀጭን ቱቦ በአንገቱ ግራ በኩል አስገባለት። ቦታውን መያዙን ለማረጋገጥ ራጅ ሲነሳ ግን ጉድ ታየ። ደረቱን አቋርጦ ወደ ቀኝ መዞር የነበረበት ቱቦ በልቡ ግራ ጎን ቁልቁል ወርዷል።

ተረኛው ፊቱ አመድ መስሎ ራጅ አንባቢዋ ሐኪም ዘንድ መጣ።

«ደም ቅዳውን ወግቼዋለሁ መሰለኝ። ቀዶ ሐኪሞቹን ልጥራና ደረቱን ከፍተው ያውጡት?»

ሴትዮዋ በዚህ ሥራ ፀጉሯ ሸብቷል፤ ሰው ሲጣደፍ እሷ ትረጋጋለች።

«ከቱቦው የቀዳኸው ደም ምን ይመስላል?»

«ጠቆር ያለ ነው።»

«ግፊቱስ?»

«ዝቅተኛ።»

«የደም ቅዳ ደም ደማቅ ነው፣ ይፈናጠራል። ይሄ ወደ ልብ የሚመለስ ደም ነው። እጅህን ሰብስብና ሲቲ ስካን እናንሳው።»

በምስሉ ላይ ነጭ ሆኖ የሚታየው መድኃኒት በግራ ክንዱ ተሰጠው። እንዳለችውም ሆነ፤ በቀኝ በኩል ማንኛውም ሰው ያለው ትልቅ ደም መልስ አለ፣ በግራ ደግሞ ሌላ። የግራው ሁሉም ሰው በእናቱ ማህፀን ሳለ የሚኖረው ነው፣ ኋላ ይከስማል፤ የበያጁ ግን ሳይከስም ቀርቷል።

አንድ ጥያቄ ቀራት፤ የዚህ ደም ሥር መጨረሻው የት ነው? የልብ ግራ ክፍል ውስጥ የሚፈስ ከሆነ፣ በቱቦው የገባች ትንሽ አየር እንኳ ወደ አንጎሉ ሄዳ ልትገድለው ትችላለች። ምስሉን ቁራጭ በቁራጭ ተከተለችው። ደም ሥሩ ከልብ ጀርባ ዞሮ ቀኝ ክፍል ገባ። ያኔ ወንበሯን ደገፍ አለች።

«መድኃኒቱን ቀጥልለት» አለችው ተረኛውን።

ከዚያ ኮሪደር ላይ ወደምትጠብቀው የበያጁ ሚስት ወጣች። «እህቴ፣ አይስጉ። ባለቤትዎ ከተወለዱ ጀምሮ አንድ ትልቅ ደም ሥር ትርፍ አላቸው። አይጎዳቸውም። ወደፊት ልባቸውን የሚነካ ሐኪም ካለ ግን አስቀድመው ይንገሩት።»

ሚስትየው እንባዋን በነጠላ ጫፍ ጠረገች። «የወዳደቀ ብረት ሲሰበስብ ግቢው ሞልቷል። ደረቱ ውስጥም ማጠራቀሙን ግን አላወቅኩም።»

ትኩሳቱ ለቀቀው። አልጋው ላይ ቀና ማለት ሲችል ምስሉን አሳዩኝ አለ። ራጅ አንባቢዋም አመጣችለት። ደም ሥሩ ከልቡ ጋር የሚገናኝበትን ቦታ ዓይኑን አጥብቦ ተመለከተው።

«ብየዳው ንጹሕ ነው» አለ።