ባትሪው ይደር

ሀዲስ ባሕር ዳር፣ ሹም አቦ ሰፈር ውስጥ የመኪና ባትሪ ቻርጅ የሚያደርግባት ጠባብ ሱቅ አለችው። ሚስቱ ከሞተች፣ ልጁም ሐዋሳ ሥራ ይዛ ከሄደች ወዲህ ከደንበኛ ሌላ የሚያናግረው ሰው የለም። ደንበኛ ደግሞ ባትሪውን ጥሎ ይሄዳል እንጂ አይቀመጥም።

ወለላ ግን ተቀመጠች። አስተማሪ ናት። ቁንዝላ ያሉትን ሕመምተኛ እናቷን ባሕር ዳር አምጥታ ልታሳክማቸው አስባ፣ መኪናዋ አልነሣ አላት። ባትሪው ቻርጅ እስኪሆን በሩ አጠገብ ካለች ዝቅተኛ የእንጨት ዱካ ላይ ቁጭ ብላ ስለ እናቷ አወራችው። እሱንም ስለ ልጁ፣ ስለ ሟች ሚስቱ ጠየቀችው። እንደዚያ ረጋ ብሎ የጠየቀው ሰው ትዝ አላለውም።

ማምሻውን ባትሪው ከቻርጅ ሲወርድ መለኪያው ከአሥራ ሦስት ቮልት በላይ አሳየ።

“እሰይ፣ ዳነልኝ!” አለች ወለላ።

“አይቸኩሉ። ከቻርጅ እንደወረደ የሚያሳየው አይታመንም። ይደርና ጠዋት በመብራት ፈትኘ እነግርዎታለሁ።”

ይህ እውነቱ ነበር። በማግስቱ ሲለካው ብዙም አልወረደም። የመኪና አምፖል ሲያገናኝበት ግን ብርሃኑ ወዲያው ደበዘዘ፤ ቮልቱም ከአሥር በታች አሽቆለቆለ። ክዳኖቹን ከፍቶ አሲዱን ቢለካ ከስድስቱ ክፍሎቹ አንዱ ሞቷል። ባትሪው አብቅቶለታል።

ወለላ ስትመጣ ይህንኑ ሊነግራት አፉን ከፈተ። ከነገራት ግን አዲስ ባትሪ ፍለጋ ትሄዳለች፤ ከዚያ ወዲያ ምን ያመላልሳታል?

“ትንሽ ይጨመርበት። አንድ ቀን ደግሞ ይደር” አላት።

ዱካዋን ስባ ተቀመጠች። ተማሪዎቿ የቤት ሥራ ላለመሥራት ስለሚፈጥሩት ምክንያት ስታወራለት ሀዲስ እንባው እስኪመጣ ሳቀ።

በሦስተኛው ቀን ወለላ እየሮጠች መጣች። “ወንድሜ ደወለልኝ። እናቴ ሌሊቱን ትንፋሽ አጥሯት አደረች። ባትሪውን ይስጡኝ፣ ልሂድ!”

“አይሆንም። መንገድ ላይ ይጥልዎታል።”

“ትናንት ይጨመርበት አላሉኝም?”

“ትናንትም አውቄ ነበር። ፈትኘው ሞቶ አገኘሁት።”

“ታዲያ ለምን ዝም አሉኝ?”

የሀዲስ ዓይን ሳያስበው ዱካዋ ላይ አረፈ። ወለላም አየችው፤ ገባት መሰለው፣ ፊቱ ጋለ።

መፍቻ ይዞ ከሱቁ ጀርባ ወደቆመችው የገዛ መኪናው ሄደ፤ ባትሪዋን ነቅሎ ተሸክሞ እስከ ወለላ ቤት ሄደና መኪናዋ ላይ አሰረላት። ሞተሩ በአንድ ጊዜ ተነሣ።

“ይህ የእኔ ነው። አይጥልዎትም” አላት። ወለላ ቀና ብላ ሳታየው ሄደች።

ከሳምንት በኋላ ወንድሟ ገድሉ ባትሪውን መልሶ አመጣ። “እናታችን እዚሁ ሐኪም ቤት ተኝታለች፤ ተሽሏታል። ወለላ አዲስ ባትሪ ገዛች። አመሰግናለሁ በልልኝ ብላለች።”

“ሌላስ?”

“ሌላ ምንም።”

ሀዲስ ባትሪውን መኪናው ላይ መልሶ አሰረና ሱቁን ዘጋ። ብርቱካን ገዝቶ ሐኪም ቤት ሄደ። ወለላ ከአልጋው አጠገብ ተነሥታ ብርቱካኑን ተቀበለችው፤ ፊቷ ግን አልተፈታም።

“ባትሪ ያዋሰን ሰው ነው” አለቻቸው ለእናቷ።

አሮጊቷ ቀጭን እጃቸውን ዘረጉ። “ተባረክ፣ ልጄ። ቤትህ በሰው ይሙላ።”

“አሜን” አለ ሀዲስ ጎንበስ ብሎ።

“እግዜር ይማርዎት” ብሎ ወጣ። በሐይቁ ዳር ባለው መንገድ መኪናውን ቀስ እያለ ነዳ። ሰው ሁሉ ሁለት ሦስት እየሆነ ይንሸራሸራል። አንድ ጥግ አቁሞ ሞተሩን አጠፋና፣ ከደሴቶቹ የሚመለሱት ጀልባዎች ሰዎቻቸውን ሲያወርዱ እያየ አመሸ።