የማይጠመጠም ሐረግ

ማዓያን የቆሻሻውን ፌስታል ወጥ ቤቱ ወለል ላይ ገለበጠችው። የሽንኩርት ልጣጭ፣ የወተት ካርቶን፣ የረጠበ የሻይ ቅጠል። ተንበርክካ በጣቷ በታተነችው። የምትፈልገው ስር የለም።

«የት ጣልኸው?»

አባቷ ጥሩነህ መስኮቱ ስር ካለው የፕላስቲክ ወንበር አልተነሳም።

«መድኃኒት ቆሻሻ ውስጥ አይጣልም» አለ። «የተረፈውን ቀብሬዋለሁ።»

«የት?»

ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

እህቱ ባንች ትናንት ጠዋት ሆዴን ቆረጠኝ ብላ መጥታ፣ እሱ ስር ቀቅሎ የሰጣትን ሁለት ሲኒ ጠጥታ ሄደች። ከምሽት ጀምሮ ስታስታውክ አደረች። ሲነጋ ጉሮሮዋ አብጦ አምቡላንስ ወሰዳት። ረፋድ ላይ ሐኪሟ ማዓያንን ኮሪደሩ ላይ አስቁማ፣ የአክስቷ ኩላሊት እየደከመ መሆኑን ነገረቻትና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀቻት፤ ምንድን ነው የጠጣችው? ስልክ ቁጥሯን ቁራጭ ወረቀት ላይ ጽፋ ሰጠቻት። ማዓያን አውቶቡስ ይዛ ወደ ቤት የመጣችው ለዚህ አንድ ቃል ነው።

«አባ፣ ሐኪሟ እየጠበቀችኝ ነው። ስሙን ንገረኝ።»

«የመድኃኒት ስም አይጠራም።»

«አክስቴ ባንች እየሞተች ነው።»

«እህቴ ናት» አለ። «ከእኔ በላይ ልታዝኝላት?»

ጎንደር ሳለ አባቱ ሃያ ሁለት ቅጠልና ስር አሳይቶታል። ሁሉንም ከፀሐይ በፊት፣ በጣቱ እየጠቆመ፣ ቃል ሳይተነፍስ። መድኃኒት ስሙ ከተጠራ ይሸሻል፤ በጠራው ሰው እጅ ዳግመኛ አይሠራም። ጥሩነህ ከሃያ አራት ዓመት በፊት በአውሮፕላን ሲመጣ ከዚህ ሌላ የያዘው ብዙ አልነበረም። እዚህ ቢሮ ሲጠርግ ኖሮ ጡረታ ወጣ። አሁን ሰው በሩን የሚያንኳኳው ለመድኃኒቱ ነው፤ ለሌላ ነገር የሚፈልገው የለም።

ማዓያን ባዮሎጂ ትማራለች፤ ሁለተኛ ዓመት ናት። በዚህ ነገር ብዙ ጊዜ ተጨቃጭቀዋል። ዛሬ ለጭቅጭቅ ጊዜ የለም። ላፕቶፗን ጠረጴዛው ላይ ከፈተች። የአገሩን የዱር ዕፅዋት በፎቶ የሰበሰበ የዕብራይስጥ ድረ ገጽ አለ፤ ለፈተና ያጠናችው በእሱ ነው። የአበባውን ቀለም፣ የቅጠሉን ዓይነት፣ የበቀለበትን ቦታ ሲሞሉለት የሚመስሉትን ይደረድራል።

«እሺ፣ ስም አልጠይቅህም» አለች። «የት ቆፈርኸው?»

«ከባቡር ጣቢያው ጀርባ፣ ባዶው መሬት ላይ።»

«አበባው?»

«ብጫ።»

«ይቆማል ወይስ ይተኛል?»

«መሬት ለመሬት ነው የሚሄድ።»

«ቅጠሉ ሲነካ?»

«ይሻክራል፣ እንደ ድመት ምላስ።» ሳያስበው ፊቱ ፈታ አለ። ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው ሳበ። «ይኸ ሁሉ እዚህ ውስጥ አለ?»

«ከሁለት ሺህ በላይ አለ። ስሙም፣ ጥቅሙም፣ ጉዳቱም።»

«ማን ፈቀደላቸው?»

«ማንም። ሰው እንዲማርበት ብለው ነው የጻፉት።»

«ማንም መጥቶ ያያል?»

«ማንም።»

ቤቱ ተከፍቶ እንዳደረ ሰው ራሱን ነቀነቀ።

አሥራ አራት ፎቶ ወጣ። ማዓያን ላፕቶፑን ወደ እሱ አዞረችው። «ስም አትጥራ። አባትህ እንዳደረገው ጠቁመኝ ብቻ።»

ጥሩነህ መነጽሩን ፈልጎ አደረገ። ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አለፋቸው። ስድስተኛው ላይ ጣቱ ቆመ።

«ይኸ ነው። ፍሬውም ያው ጸጉራሙ ነው።»

ይሮኬት ሀሐሞር ይላል የዕብራይስጥ ስሙ። ማዓያን ጽሑፉን ወደ አማርኛ እየመለሰች አነበበችለት። ተክሉ በሙሉ መርዛማ ነው። ጭማቂው ጉሮሮ ያሳብጣል፣ ክፉኛ ያስታውካል፣ ያስቀምጣል።

«ውሸት» አለ። «ስንቱን ከቁርጠት አድኜበታለሁ።»

«እዚህ ነው ወይስ አገር ቤት?»

«አገር ቤት። እዚህ ደረቁን ስር ከጎንደር ይልኩልኝ ነበር። ዘንድሮ አለቀብኝ። ከዚያ ይኸን አገኘሁት።»

«ከዘመዶቹ የሚለየው» ብላ ቀጠለች «ሌላው ላይ የሚጠመጠምበት ቀጭን ክር ስለሌለው ነው ይላል።» ቀና ብላ አየችው። «ያገር ቤቱ ክር አለው?»

ጥሩነህ መነጽሩን አወለቀ።

«አለው» አለ። «አጥር ካገኘ አንቆ ነው የሚይዝ።»

«ይኸኛው እንደሌለው አላየህም?»

«አይቻለሁ።»

«አይተህ ሰጠኻት?»

«አሸዋው አሳጥቶት ነው አልሁ። ሰው እንኳ አገር ሲለውጥ ስንት ነገሩን ይጥላል።»

ማዓያን ስልኳን አነሳች። ለሐኪሟ ደወለች። የተክሉን ስም ሁለት ጊዜ ነገረቻት፤ ስሩ ተቀቅሎ፣ ሁለት ሲኒ። ሐኪሟ ማርከሻ እንደሌለው፣ ቢያንስ ግን ምን እንደሚጠብቃቸው አሁን እንዳወቁ ተናገረች። ከዚያ ጠየቀች፤ ሌላ የወሰደ ሰው አለ?

ማዓያን ስልኩን ከጆሮዋ አራቀች። «ሌላ ለማን ሰጠህ?»

ወለሉ ላይ የተበተነውን ቆሻሻ አየ።

«ለዋሴ» አለ። «ለማለደ እናትም።»

«ጠጡት?»

«ነገ ጠዋት ነው፣ በባዶ ሆድ።»

«አልጠጡም» ብላ ለሐኪሟ ነግራ ዘጋች። «ቁጥራቸውን ስጠኝ፣ ልንገራቸው።»

«አንቺን አይሰሙሽም። የፈረንጅ ትምህርት አናቷ ላይ ወጣ ብለው ይስቁብሻል። ከዚያ ይጠጡታል።»

«ታዲያ ማንን ይሰማሉ?»

ስልኳ ነዘረ። የባንች ልጅ ኦዴያ ናት የጻፈችው። «አስተኟት። በማሽን ነው የምትተነፍሰው።» ማዓያን አነበበችና ስልኩን በፊቱ ጠረጴዛው ላይ ደፋችው። አሁን ይህን ከሰማ ከዚያ ወንበር አይነሳም።

«ማን ነው?»

«ከዩኒቨርሲቲ ነው» አለች።

ጥሩነህ ጠረጴዛውን ተደግፎ ተነሳ። ሳሎን ወዳለው የቤት ስልክ ሄደ። የዋሴን ቁጥር በቃሉ ያውቀዋል።

«ዋሴ፣ እንዴት ዋልህ? ደኅና፣ እግዜር ይመስገን። ስማኝማ፣ ያ የሰጠሁህ ስር፣ እንዳትጠጣው።» ትንሽ አዳመጠ። «የለም፣ ጥቂትም አትቅመስ። የምድር እምቧይ መስሎኝ ነው። የምድር እምቧይ አይደለም።»

የሽማግሌው ድምፅ ማዓያን ካለችበት ድረስ ተሰማ።

«ምነው ጥሩነህ፣ ስሙን ጠራኸው?»

«ጠራሁት።»

«እንግዲህ እኛስ ማን ዘንድ እንሂድ?»

«እንጃ» አለ ጥሩነህ። «ብቻ አንተ አትጠጣው። ጉድጓዱን ጥልቅ አድርገህ ቅበረው።»

ከዘጋ በኋላም እጁን ከስልኩ ላይ አላነሳም።

«የማለደን እናት ቁጥር አላውቀውም» አለ ሳይዞር። «ፈልጊልኝ።»

ማዓያን የተደፋውን ስልኳን እንዳለ ተወችው። ተነስታ ማቀዝቀዣው ላይ ከተለጠፈው የስልክ ቁጥሮች ወረቀት የማለደን እናት ቁጥር ታነብለት ጀመር፤ ቀስ ብላ፣ አንድ በአንድ።