መቀመጫ የሌለው ሞተር

ነጋሳ ሞተር ሳይክሉን ገና እንዳየው ሌባውን ረገመ። ጎማው ደህና፣ መሪው ደህና፣ ሞተሩም ሲነሳ ጆሮ የሚያስደስት ድምፅ አለው፤ መቀመጫው ግን የለም። አዳማ ውስጥ ስፖኪዮ ይነቀላል፣ ባትሪ ይፈታል፣ ይኼ የታወቀ ነው። መቀመጫ ነቅሎ የሚሄድ ግን ምን ዓይነት ጉድ ነው?

«ከላንጋኖ ሲመጣ መንገድ ላይ ነው የፈቱት» ብሎ ደመደመ።

«እንጃ አባ፣ እኔ የተረከብኩት እንዲሁ ነው» አለች ልጁ ሚልካ።

ሚልካ ከወለንጪቲ ወዲያ፣ ቦሰት ተራራ ግርጌ ባለ ጤና ጣቢያ አዋላጅ ነርስ ናት። መንገዱ ጤና ጣቢያው ደጃፍ ላይ ያልቃል። ከዚያ በላይ ጥቁር ድንጋይ ነው፤ ከድንጋዩ ማዶ ደግሞ መንደር አለ፣ እዚያም ሴቶች ይወልዳሉ። አምቡላንስ አይደርስም። ባለፈው ክረምት ተጠርታ በእግሯ ስትማስን ውላ ስትደርስ እናትየዋም ሕፃኑም አልፈው ነበር። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የሚባል ነገር አጣች። ላንጋኖ ይኖር የነበረ አንድ ፈረንጅ አገሩ ሲገባ «ድንጋይ የሚወጣ ነው» ብሎ ሞተሩን ለበጎ ሥራ መተዉን ስትሰማ፣ ለምና ደጅ ጠንታ አገኘችው።

የቀረው ፈትሾ የሚያሰናዳላት አባቷ ነው። ነጋሳ በአዳማ የሞተር መካኒክ ሲባል ስሙ የሚጠራ ሰው ነበር። ወንድ ልጁ ጉቱ በሞጆ መንገድ ላይ በሞተር ሲበር ተጋጭቶ ከሞተ ወዲህ ግን «ሞተር ሳይክል ግቢዬ አይገባም» ብሎ የውሃ ፓምፕና ጄኔሬተር ብቻ ነው የሚጠግነው። ይህን ከሚልካ የበለጠ የሚያውቅ የለም። ቢሆንም ይዛው መጣች፤ ከእሱ እጅ ሌላ የምታምነው እጅ አልነበራትም።

እምቢስ አላላትም። «መቀመጫ እስኪገኝለት» እያለ ግን ሳምንት በሳምንት ላይ ደረበ። እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ የረገመውን ሌባ በልቡ እያመሰገነው ነበር።

ሚልካ ሞኝ አይደለችም። «በቃ ሌላ ጋራዥ እወስደዋለሁ» ስትለው ደነገጠ። ልጄ ከሄደች አይቀር ተመችቷት ትሂድ ብሎ ሥራውን ጀመረ። ብረት በየደ፣ ወፍራም ስፖንጅ ቆረጠ፣ የባጃጅ ወንበር ከሚሰፋው ጎረቤቱ ዘንድ ቀይ ሌዘር አልብሶ መደገፊያ ሠራለት፤ ዳር ዳሩንም ዘርፍ አንጠለጠለበት። እንዲያ ያለ መቀመጫ ሙሽራ እንኳ አያገኝም። አባት ፍቅሩን መናገር ሲያቅተው እንዲህ ነው የሚያደርገው።

ሚልካ ተመቻችታ ተቀምጣ ሄደች፤ የመጀመሪያው ድንጋይ ላይ ሞተሩ ከነመደገፊያው ገልብጦ ጣላት። ክርኗ ተገሽልጦ ስትመለስ ነጋሳ ሞተሩን በሰንሰለት ከግንድ ጋር አሰረና ቁልፉን ኪሱ ከተተ። አባትና ልጅ በአንድ ገበታ ቀርበው የማይነጋገሩበት ቤት ከባድ ነው።

በመጨረሻ ላንጋኖ ሳለ ሞተሩን ይጠብቅ የነበረውን፣ መንዳቱንም ከፈረንጁ የተማረውን ኑሬን በስልክ ጠራችው። ኑሬ ከአርሲ ነገሌ አንድ ማዳበሪያ ድንች ተሸክሞ መጣ። «አካም ጂርቱ፣ ጋሼ ነጋሳ!» ብሎ እጅ ነሳና ዓይኑ ቀዩ መቀመጫ ላይ ሲያርፍ ሳቁ አፈነው። የነጋሳን ፊት ሲያይ ግን ሳቁን ዋጠ።

«ጋሼ፣ ይሄ ሞተር ሲፈጠርም መቀመጫ የለውም። ትሪያል ይሉታል። ቆመው ነው የሚነዱት።»

«ቆሞ የት ይደረሳል?»

«ሩቅ አይኬድበትም። ቤንዚኑም ትንሽ ነው የሚይዘው። መንገድ የሌለበት፣ ድንጋይና ገደል ባለበት ነው ሥራው። ውድድርም አለው።»

ውድድር የሚለውን ቃል ሲሰማ የነጋሳ ፊት ጠቆረ። «እሽቅድምድም ነዋ!»

«አይደለም እኮ ጋሼ! ማንም ማንንም አይቀድምም። አንድ በአንድ ነው የሚገቡት። የሚያሸንፈው እግሩን መሬት ሳያስነካ ድንጋዩን የጨረሰ ነው፤ ቀስ ማለት ነው ጥበቡ።»

ነጋሳ ዕድሜ ልኩን ሞተር ሲፈታ ሲገጥም የኖረ ሰው፣ ቀስ ለማለት የተሠራ ሞተር አለ ሲባል ሰምቶ አያውቅም። ኑሬ ሰንሰለቱን አስፈትቶ፣ ግቢው ውስጥ ወደተከመረው የግንብ ድንጋይ ቆሞ ነዳው። መቀመጫው ከኋላ እየገፋው እንኳ ሞተሩ እያጉረመረመ ወጣ፤ ኑሬም ከክምሩ አናት ላይ ሁለት እግሩን ከማሳረፊያው ሳያነሳ ቀጥ ብሎ ቆመ። ነጋሳ አፉን ከፍቶ አየ። ከዚያ የብረት መቁረጫውን አምጥቶ ያንን ሁሉ የደከመበትን መቀመጫ በገዛ እጁ ቆርጦ ጣለው። ቆጭቶታል፣ ምን ይደረግ።

ልምምዱ ጤና ጣቢያው አጠገብ ካለው ድንጋይ ላይ ሆነ። ለማጅ አጠገብ ሞተሩ ሲወድቅ የሚይዝ ሰው ያስፈልጋል ሲል ኑሬ፣ ነጋሳ «ማን አለ ከእኔ ሌላ!» ብሎ ራሱን ሾመ። ሹመቱ ግን አላማረበትም። ሞተሩ ትንሽ ዘንበል ባለ ቁጥር ተንደርድሮ መሪውን ይጨብጣል፤ በጨበጠ ቁጥር ሚዛኗ ይፈርሳል።

«አባ፣ የምትጥለኝ አንተ ነህ» አለችው አንድ ቀን፣ አቧራዋን እያራገፈች። ክፉ አልተናገረችም፤ እሱን ግን እስከ አጥንቱ ዘለቀው።

እየዋለ እያደረ ሚልካ ለመደችው። ከዚያ አንድ ረፋድ ላይ፣ ኑሬ ወደ አገሩ ከተመለሰ በኋላ፣ አባትና ልጅ ሲለማመዱ ስልኳ ጮኸ። ከላይኛው መንደር ነው። ወርቄ የምትባል ሴት ምጥ ይዟት አድሯል፤ ደም አይታለች።

ሚልካ የማዋለጃ ቦርሳዋን ጀርባዋ ላይ አጥብቃ አሰረች። ነጋሳ አብሯት እስከ ትልቁ ቋጥኝ ሮጠ። ከዚያ ማዶ በእሱ ዕድሜ በእግር ሊከተላት አይችልም። የፊት ጎማው ቋጥኙን ሲነካ ሞተሩ ወደ ቀኝ ዘመመ፤ የነጋሳ እጆች ተነሡ። አንዱን እጁን በሌላው ይዞ ከጀርባው ቆለፈው። ሞተሩ ተመልሶ ቀና አለና ወጣ።

ከቋጥኙ አናት ላይ እግሯን ሳታወርድ ለቅጽበት ቆመች፤ አንገቷንም መለስ አድርጋ «አባ፣ ልሂድ?» አለችው።

ጉቱ በሞተበት ቀን አልጠየቀውም ነበር። ነጋሳ ጋራዡ ውስጥ አጎንብሶ ሞተር ሲፈታ፣ የሰማው እየራቀ የሚሄድ የሞተር ድምፅ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ በእያንዳንዱ ቀን ያንን ጥያቄ በጉቱ ፋንታ ለራሱ እየጠየቀ «አይሆንም!» ሲል ኖሯል። ያ ሁሉ ዓመት የተለማመደው መልስ ይኸው አሁን ምላሱ ላይ ነበር።

«ሂጂ፣ ልጄ» አላት። «ሴትየዋ ትጠብቅሻለች።»

እሷም ሄደች።